ጎመን ብዬ የፈረምኩበት ወረቀት

ባለፈው ኖቬምበር፣ አንድ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ ላስ ቬጋስ፣ ዊትኒ የሚባል ሰፈር ባለው የልጄ ቤት ሳሎን ውስጥ ስለ ቲማቲም ትልቅ ጠብ ተነሣ። ቲማቲሙ ቤት ውስጥ አልነበረም። የልጅ ልጄ ሜላት ኮምፒዩተር ላይ ይግባ አይግባ ተብሎ ነው እናትና ልጅ የሚሟገቱት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሜላት አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ የኮሌጅ ማመልከቻ እየሞላች ነበር። ቀኑም የመጨረሻው ቀን ነው። ማመልከቻው ከቅጹ ሌላ ድርሰት ይጠይቃል፤ ማን እንደሆንሽ፣ ከምን ዓይነት ቤት እንደወጣሽ ንገሪን የሚል። ልጅቱም ስለ አባቷ ጻፈች። አባቷ፣ ማለትም ልጄ ዳዊት፣ አሥራ አንድ ዓመት ካዚኖ ውስጥ ካርድ ሲያድል ኖሮ፣ ካዚኖው ሠራተኛ ሲቀንስ ማሪዋና የሚያበቅል ድርጅት ገባ። የሚደበቅ ሥራ አይደለም። ኔቫዳ ውስጥ ከተፈቀደ ቆይቷል፤ ሃያ አንድ ዓመት የሞላው ሰው መታወቂያ አሳይቶ እንደ ዳቦ ገዝቶ ይወጣል። ግን ሜላት የምትመኘው ኮሌጅ ያለው ገና ባልተፈቀደበት ስቴት ውስጥ ነው። የፌዴራሉ ሕግ ደግሞ ከእኛ ስቴት ጋር አልተስማማም፤ እዚሁ ቬጋስ እንኳ ኮሌጅ ግቢ ውስጥ ይዞ መገኘት ክልክል ነው። የትምህርት ቤቷ አማካሪ "አንዳንድ አንባቢ ይወደዋል፣ አንዳንዱ ግን ማሪዋና የሚለውን ቃል እንዳየ ይዘጋዋል፤ ምርጫው ያንቺ ነው" ብላታለች።

ምራቴ ሰብለ ምርጫውን ጨርሳ ነበር። ሰብለ በዲቪ ከአዲስ አበባ የመጣች፣ ሆቴል ውስጥ አንድ ፎቅ ሙሉ የጽዳት ሠራተኛ የምትመራ ሴት ናት፤ አንድ ነገር ከያዘች አትለቅም።

"ግሪንሃውስ ውስጥ ቲማቲም ያበቅላል በይ፤ ምን አለበት? ቅጠል ቅጠል ነው!"

"ማሚ፣ ውሸት ነው እኮ! ቼክ ቢያደርጉስ?"

"ማን ነው ከዚያ ድረስ መጥቶ ቲማቲም ቼክ የሚያደርገው? ስኮላርሺፑ ቢቀርስ? አባባ፣ እስቲ እርስዎ ይንገሯት፤ እርስዎን ትሰማለች።"

ዳዊት ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ የሥራ ካርዱን ማንጠልጠያ በጣቱ ላይ ይጠቀልላል። "እሷን የሚጎዳት ከሆነ ቲማቲምም ልሁን" አለ ቀና ሳይል።

ሦስቱም ወደ እኔ ዞሩ። የእኔ ልብ ግን አርባ ምናምን ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ጎመን ላይ አርፎ ነበር።

እኔን የማያውቅ ሰው ይህን የሚያነብ ከሆነ ልንገረው። በዚህ ከተማ እኔ ከፍቼ ያላየሁት የማቀዝቀዣ ዓይነት የለም። የኮምፕሬሰር ድምፅ ከመንገድ ማዶ ሰምቼ በሽታውን እናገራለሁ። ዲግሪ የተሸከሙ መሐንዲሶች ጣሪያ ላይ ቆመው ጭንቅላታቸውን ሲያኩ፣ እኔ በአንድ መፍቻ ጨርሼ ወርጃለሁ። ይህን ሁሉ ያስተማረኝ ማንም አይደለም፤ ራሴን በራሴ ነው ያስተማርኩት። ለምን ኮሌጅ አልገባህም ሲሉኝ "ለእኔ የሚሆን አስተማሪ አጥተው ነው" እላለሁ። ዳዊትን ያሳደግኩት ይህን እየነገርኩ ነው። ያን ቅዳሜ ግን ይህ መልስ አፌ ውስጥ ከበደኝ።

የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። አባቴ ጫት ነጋዴ ነበር፤ ያውም ስሙ የተከበረ። ማለዳ አወዳይ ገበያ ይገዛል፣ በዙርባ በዙርባ ያሳስራል፣ በሙዝ ቅጠል ያስጠቀልላል፣ ከዚያ በባቡር ወደ ጅቡቲ። ጫት እንደሌላው ሸቀጥ አይደለም፤ ዕድሜው አጭር ነው። ዛሬ የተቀነጠሰው ነገ ከጠወለገ የሚፈልገው ፍየል ብቻ ነው። ስለዚህ ሁሉም ሰው ከፀሐይ ጋር እሽቅድምድም ላይ ነው።

ከአሥራ አምስት ዓመቴ ጀምሮ ከጫቱ ጋር ፉርጎው ውስጥ የምሳፈረው እኔ ነበርኩ። እናቴ ፈጢራ በማር በወረቀት ጠቅልላ ትሰጠኛለች፤ ባቡሩ ከድሬ ሳይርቅ ማሩ ጣቴ ላይ ደርቆ፣ ፈጢራው አልቆ፣ በረሃው ይጀምራል። እውነተኛ ሙቀት የሚያውቅ እዚያ ፉርጎ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ነው። ብረቱ ይግላል፣ አየሩ ከንፈር ይሰነጥቃል። ሌሎቹ ነጋዴዎች ጫታቸው ላይ ውሃ ይረጩ ነበር። እኔ ግን ውሃ የተረጨው ቅጠል ውስጥ ውስጡን ሲጠቁር አየሁ። አንድ ቀን ጆንያ በውሃ ነክሬ ነፋስ በሚገባበት በር ላይ እንደ መጋረጃ ሰቀልኩት። ነፋሱ በእርጥቡ ጆንያ ውስጥ እያለፈ ሲገባ ሙቀቱን ውጭ ጥሎ ገባ! ፉርጎው የደጋ ቤት ሆነ። ጆንያው ሲደርቅ ሌላ እየቀየርኩ፣ ዓይኔን ሳልከድን፣ ጅቡቲ ደረስኩ። የአባቴ ዙርባ አሁን ከዛፉ የወረደ ይመስል ነበር። በሁለተኛው ወር የጅቡቲ ገዢዎች ባቡሩ ሳይቆም "የልጁ ጫት የታለ?" እያሉ ይሮጡ ጀመር። አባቴ ይህን ሲሰማ ራሱ ላይ ያለውን ኮፍያ አንሥቶ እኔ ራስ ላይ ደፋው።

ኋላ ዘመኑ ሲከፋ በዚያው ባቡር ሄጄ ጅቡቲ ቀረሁ፤ ከዚያም በስደተኝነት እዚህ መጣሁ። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ዊንቸስተር በሚባል የቬጋስ ሰፈር ከጌታሁን ጋር አንዲት ጠባብ አፓርታማ ተከራየን። ጌታሁን የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ አሥራ ሁለተኛን የጨረሰ በመሆኑ በቤታችን ሊቁ እሱ ነበር። ሁለታችንም አንድ ሆቴል ወጥ ቤት ሳህን እናጥባለን።

አንድ ሐምሌ፣ ውጭው የመኪና መሪ በጨርቅ ካልሆነ በማይያዝበት ቀን፣ የወጥ ቤቱ ኤሲ ተበላሸ። ወጥ አብሳዮቹ ፎጣ አርጥበው አንገታቸው ላይ ጠመጠሙ፣ ማኔጀሩ ከረባቱን ፈታ፣ አንዷ አስተናጋጅ ወደቀች። በመጨረሻ አንድ አጭር ሰውዬ መሣሪያውን በትከሻው አንግቶ ገባ። ሰው ሁሉ እንደ ጳጳስ መንገድ ለቀቀለት! ወደ ጣሪያው ወጣ፤ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ቀዝቃዛ አየር በላያችን ላይ ወረደ። ማኔጀሩ ራሱ በረዶ ያለበት ለስላሳ ይዞ ተቀበለው። እኔ እጄ ሳሙና ውስጥ እንደተነከረ ቆሜ ቀረሁ። ይህ የእኔ ሥራ ነው አልኩ፤ እኔ እኮ ይህን በጆንያ ሠርቼዋለሁ!

ብዙ ሳይቆይ አንድ ኮሌጅ የማቀዝቀዣ ጥገና ትምህርት እንደሚሰጥ ሰማሁ። ቦታው ጥቂት ነው፤ አመልካቹ ቅጽ ሞልቶ ቃለ መጠይቅ ይቀርባል። ቅጹ ላይ አንድ ባዶ ገጽ አለ፤ ከዚህ በፊት ምን ሠራህ፣ ሥራውስ ምን አስተማረህ ይላል። ለእኔ የተጻፈ ጥያቄ ነበር! የሆቴሉ እንግዶች ጥለውት ከሚሄዱት ጋዜጣና ከአንድ ጀርባው ከተገነጠለ መዝገበ ቃላት በተማርኩት እንግሊዝኛ፣ አራት ቀን ፈጅቼ፣ አወዳይን፣ ፉርጎውን፣ ጆንያውን፣ የአባቴን ኮፍያ ሳይቀር ጻፍኩት።

ጌታሁን እራት ስንበላ አነበበው። ያን ጊዜ ቬጋስ ውስጥ እንጀራ የሚባል ነገር ስላልነበረ እንቁላል በበርበሬ ሠርተን በሜክሲኮዎቹ ቶርቲያ ነበር የምንበላው። ጉርሻው አፉ ላይ ሳይደርስ ቆመ።

"ድሬ፣ ይኼ ምንድነው?" ድሬ ይለኝ ነበር፣ በአገሬ ስም።

"እንግሊዝኛው ያስደነግጣል አይደል?"

"እሱስ ያስደነግጣል! ሰዎች አኝከው የሚነቃቁበትን ቅጠል እናመላልስ ነበር ብለህ ትጽፋለህ? እዚህ አገር? ፓርኪንግ የሚሠራውን ልጅ በአንዲት ጥቅል ማሪዋና በካቴና ሲወስዱት አላየህም?"

"ጫት ሌላ፣ ማሪዋና ሌላ።"

"እሱን ለፖሊሱ አስረዳዋ! ለፈረንጅ ቅጠል ቅጠል ነው።"

እውነቱን ነበር። ዛሬ ማስታወቂያው ፍሪዌይ ዳር በመብራት አሸብርቆ ይታያል፤ ያን ጊዜ ግን እዚሁ ኔቫዳ ውስጥ በአንዲት ጥቅል ሰው ወህኒ ይወርድ ነበር። የፓርኪንጉ ልጅ ካቴናው እጁ ላይ ሲጠልቅ ያለቀሰው ለቅሶ ትዝ አለኝ።

"ታዲያ ምን ልበል?"

ጌታሁን ቶርቲያውን አኘከ፣ ዋጠ፣ አሰበ። "ጎመን በል።"

አዲስ ቅጽ አመጣሁና ገለበጥኩት። ጫት የሚለው ሁሉ ጎመን ሆነ። ከገጹ ግርጌ "ከላይ የጻፍኩት ሁሉ እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ" ይላል። ከአወዳይ እስከ ጅቡቲ ስሙ የሚጠራውን ሰው ጎመን ሻጭ አደረግኩት። ከዚያ ፈረምኩ፤ ፊርማዬ ያኔም ያማረ ነበር።

ቃለ መጠይቁ ጥቅምት ላይ ነበር። የጌታሁንን ኮት ለበስኩ፤ እጀታው ክርኔን ትንሽ አልፎ ይቀራል። ከጠረጴዛው ማዶ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ አንዷ ከመዝገብ ቤት የመጣች መነጽሯን በሰንሰለት ያንጠለጠለች ሴት፣ ሌላው ሚስተር ዶይል የሚባል አስተማሪ። እጁን እንዳየሁ ሙያተኛ መሆኑን አወቅኩ፤ ጥፍሮቹ ዳር ዘይት አለ።

"ጎመኑ የት ድረስ ነው የሚሄደው?" አለ ሚስተር ዶይል ወረቀቴን እያየ።

"ጅቡቲ ድረስ።"

"በባቡር፣ በበረሃ። አንተም ሳትተኛ፣ እርጥብ ጆንያ እየቀያየርክ።"

"አዎ።"

"ለጎመን?"

"ለጎመን።"

አገጩን አከከ። "እኔ እርሻ ውስጥ ነው ያደግኩት። ጥላ ካገኘ ጎመን ሳምንት ይቆያል። የእናንተ ጎመን ለማን ብሎ ነው እንዲህ የሚቸኩለው?"

ሳቀ፤ ክፉ ሳቅ አልነበረም። እኔ ግን በጌታሁን ኮት ውስጥ ላብ አጠመቀኝ። የሠራሁት ሥራ ሁሉ ጎመን ሲሆን ሞኝ ሥራ ሆኖ ታየኝ! አንድ ጎረምሳ ለማይጠወልግ ነገር እንቅልፍ ሲያጣ። ይህን መሸከም አልቻልኩም። ብድግ አልኩ።

"ጎመን አይደለም። ጫት ነው። አባቴ ጫት ነጋዴ ነው። አንድ ቀን ብቻ የሚኖር ቅጠል ነው።"

ከዚያ የሚያቆመኝ ጠፋ። ጠመኔ አንሥቼ ግድግዳው ላይ ባለው ሰሌዳ ፉርጎውን ሣልኩ። በሩን ሣልኩ፣ ጆንያውን ሣልኩ፣ ነፋሱን በቀስት አመለከትኩ። ሚስተር ዶይል ወንበሩን ገፍቶ ተነሣ።

"ቆይ ቆይ! የገባው አየር በየት ይወጣል? መውጫ ከሌለው ውስጡ ይታፈናል።"

"ከጣሪያው ሥር፣ በዚህ በኩል፣ አንድ ጣውላ ነቅያለሁ።"

"ማን ንቀል አለህ?"

"ማንም!"

ሌላ ጠመኔ አነሣ። እሱ ይሥላል፣ እኔ አጠፋለሁ፤ እኔ እሥላለሁ፣ እሱ ያርማል። ጆንያው ቢወፍርስ? ነፋሱ ቢቆምስ? ባቡሩ ሲቆም ምን ታደርጋለህ? በካርቶን አራግባለሁ! ጠረጴዛውን በመዳፉ መታና ወደ ሴትየዋ ዞሮ "ይህ ልጅ ጣሪያችን ላይ ያለውን በውሃ የሚሠራ ማቀዝቀዣ በጆንያ ሠርቶታል!" አለ። በሕይወቴ እንደዚያች ሩብ ሰዓት ልቤ የዘለለበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ሴትየዋ ጠመኔያችን እስኪቀመጥ ድረስ በትዕግሥት ጠበቀች። ከዚያ መነጽሯን ዓይኗ ላይ አደረገች።

"ይቅርታ፣ እውነቱ የቱ ነው? ቅጹ ላይ ያለው ወይስ አሁን የነገርከን?"

"አሁን የነገርኳችሁ።"

"ይህ ፊርማ ያንተ ነው?"

ወረቀቱን አዞረችልኝ። ያ ያማረ ፊርማዬ ከጎመኑ ሥር ተንጋሎ ተኝቷል።

"የኔ ነው።"

ፋይሉን ዘጋችው። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ደብዳቤ መጣ፤ ቦታው ለሌሎች ተሰጥቷል ይላል። ጌታሁን እጁን እያወናጨፈ ጮኸብኝ። "ማን ተናገር አለህ? ጎመን ካልክ በቃ ጎመን ነው! እስከ መጨረሻው ጎመን!"

እኔ ግን እሺ ብሎ የሚቀመጥ ሰው አይደለሁም። አውቶቡስ ይዤ ሄድኩና ሚስተር ዶይልን መኪናው አጠገብ አገኘሁት። አይቶኝ አልገረመውም።

"ቅጠሉን ጽፈኸው ቢሆን ኖሮ እኔ እሟገትልህ ነበር" አለኝ። "ለጎመኑ ግን ምን ብዬ ልሟገት?"

የመኪናውን በር ከፍቶ አንድ ወፍራም መጽሐፍ አወጣ፤ ሽፋኑ በዘይት ጠቁሯል። "ይህን አንብበህ ጨርስ። ያልገባህ ካለ ዓርብ ዓርብ እዚህ ነኝ።"

መጽሐፉን ሦስት ጊዜ ጨረስኩት። መጀመሪያ በመዝገበ ቃላት፣ ቀጥሎ ያለ መዝገበ ቃላት፣ ሦስተኛውን ከቆሻሻ መጣያ ያነሣሁትን አሮጌ ፍሪጅ ፈትቼ እየገጠምኩ። ጌታሁን ፍሪጁ ሳሎናችንን ሞላው ብሎ አንድ ወር አኮረፈኝ። ዓርብ ዓርብ የሄድኩት አራት ጊዜ ብቻ ነው፤ በአምስተኛው የምጠይቀው አልቀረኝም። የመንግሥት ፈቃድ ፈተናውን በአንድ ጊዜ አለፍኩ። የቀረውን የሚያውቀው ያውቀዋል፤ ከአርትስ ዲስትሪክት እስከ ዊትኒ የእኔ ቫን ያልቆመበት ሰፈር የለም። ግን የደብዳቤውን ነገር ለማንም አልተናገርኩም። ለሚስቴም፣ ነፍሷን ይማርና፣ አልነገርኳትም።

ያን ቅዳሜ ተናገርኩ። ሁሉንም፣ ፊርማው ሳይቀር። ስጨርስ ሳሎኑ ውስጥ የሚሰማው የኤሲው ድምፅ ብቻ ነበር፤ በነገራችን ላይ የገጠምኩት እኔ ነኝ፣ አሥራ ሦስት ዓመቱ፣ አንድ ቀን አልታመመም።

መጀመሪያ የሳቀው ዳዊት ነው። "አባዬ! ለእኔ የሚሆን አስተማሪ አጥተው ነው እያልክ እኮ ነው ያሳደግከኝ!"

"አባባ፣" አለች ሜላት ዓይኗን አፍጥጣ፣ "አንተ ሪጀክት ተደርገህ ነው?"

"ሪጀክት አይባልም።"

"ምን ይባላል?"

አሰብኩ። ሌላ ቃል ፈለግኩ፤ ብዙ ቃል አውቃለሁ። "ሪጀክት ይባላል" አልኩ።

ሰብለ አልሳቀችም። "ታዲያ እርስዎ ያኔ እውነቱን ቢጽፉ ይቀበሉዎት ነበር?"

"አላውቅም፣ ልጄ። የማላውቀው ነገር ጥቂት ነው፤ ይኼ አንዱ ነው። ምናልባት ጫት የሚለውን አይተው ይጥሉት ነበር። ግን አባቴን ይዤ እወጣ ነበር። እኔ ቦታውንም አባቴንም አጥቼ ነው የወጣሁት።"

ሰብለ ዳዊትን አየችው። አሁንም ማንጠልጠያውን ጣቱ ላይ እንደጠቀለለ ነው። ሄዳ ከጣቱ ላይ ፈታችለትና ካርዱን ደረቱ ላይ አስተካከለች።

"ቲማቲሙን አውጪው" አለች ለሜላት። "ግን ከስቴቱ ፈቃድ እንዳለው ጻፊ። ግብር እንደሚከፍልም ጻፊ።"

"እኔ እንደማላጨስም ጻፊ" አለ ዳዊት።

ሜላት ጣቷ ቁልፎቹ ላይ እየበረረ ነበር። በመሀል ቆመችና ቀና አለች። "አባባ፣ ጎመኑን ላስገባው?"

እዚህ ላይ ትንሽ ዘገየሁ። ለልጅ መናገር አንድ ነገር ነው፤ በማላውቀው አገር የማላውቀው ሰው ሊያነበው መጻፍ ሌላ ነው። አርባ ምናምን ዓመት የገነባሁት ስም ነው። ተነሥቼ የኤሲውን መቆጣጠሪያ ቼክ አደረግኩ፤ ምንም አልሆነም። ሰዓቱ እየሄደ ነው፤ ሦስቱም ይጠብቁኛል። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

"አስገቢው" አልኩ። "ስሜን ግን በትክክል ጻፊ። ፉርጎውንም አትርሺ።"

ወደ አሥር ሰዓት ገደማ፣ ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው፣ ሜላት ሰብሚት የሚለውን የመላኪያ ቁልፍ እንድጫን ጣቴን ይዛ አሳየችኝ። አራታችንም ጮኽን፤ የጎረቤት ውሻ ሳይቀር መለሰልን። ድርሰቱን ወደ አማርኛ መልሳ አነበበችልኝ፤ አማርኛዋ እንደ እኔ ባይሆንም መጀመሪያውን በቃሌ ይዤዋለሁ። "አባቴ በሕግ ማሪዋና ያበቅላል። ቅድመ አያቴ ጫት ይነግድ ነበር። በመካከላቸው ያለው አያቴ አንድ ጊዜ ጎመን ብሎ ፈርሟል።"

መልሱ መጋቢት ገደማ ነው የሚመጣው። እሺ ይበሉ እምቢ ይበሉ አላውቅም፤ ያ ቃል አንድ አንባቢ ፊት ቆሞ በሩን ሊዘጋባት ይችላል። ሜላት መልሱ በስልኳ እንደሚመጣ ብትነግረኝም እኔ በየማለዳው የፖስታ ሣጥኑን ከፍቼ አያለሁ። ድርሰቱን አትሜ ቫኑ ውስጥ አስቀምጫለሁ። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ፓርኪንግ ላይ፣ ለምን ኮሌጅ አልገባህም ለሚለኝ ሁሉ አውጥቼ እሰጠዋለሁ። ዳዊት መጀመሪያ እየሸሸኝ መኪናው ውስጥ ይደበቅ ነበር፤ አሁን ጎኔ ቆሞ ስለ ሥራው የሚጠይቁትን ይመልሳል። ሽማግሌዎቹ ጎመኑ ላይ ሲደርሱ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ፤ ይሳቁ። ከዚያ በታች፣ በሁለተኛው አንቀጽ መጨረሻ፣ ኮፍያውን አንሥቶ ልጁ ራስ ላይ የደፋ አንድ የድሬዳዋ ጫት ነጋዴ አለ። ዘግይቶም ቢሆን፣ አባቴ በገዛ ሥራው ስም የኮሌጅ ማመልከቻ ላይ ገብቷል።